ከከዚራ ቁም ሣጥን የወጣው ዳንቴል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ አሮጌ ዳንቴልና ስለ መታሰቢያ ጨርቅ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን ጥያቄዎች እንመልሳለን። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ያረፉት አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ በጣም ረጅም ነጭ ዳንቴል አገኘን። አውሮፕላኖችና ጉልላት ያለው ትልቅ ሕንፃ ይታዩበታል፤ ከታች በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ፎቶውን አይቶ፣ «እንግሊዞች በጦርነቱ ጊዜ ካሠሯቸው 38 ዳንቴሎች አንዱ ነው፤ ጠብቁት» አለን። ቤተሰቡ ደግሞ «የእንግሊዝ ጦር ድሬዳዋ ሲገባ አንድ መኮንን የሰጣቸው ነው» ይላል። እንዴት እናረጋግጥ? ወይቦ ስላስጠላን አጥበን ብንተኩሰውስ?
*ከከዚራ፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ማጠቡም መተኮሱም ይቆይ። እጥፋቱ፣ የስፒል ዝገቱ፣ ተፈትቶ የቀረው የስፌት ቀዳዳ፣ ሁሉም የጨርቁ መታወቂያ ናቸው። አንዴ ከተዘፈዘፈና ከተተኮሰ በኋላ «የት ተሰቅሎ ነበር? ስንት ዓመት ታጥፎ ቆየ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

ዘመድዎ የሚያወሩለት ዳንቴል በእርግጥ አለ። የእንግሊዝ የዳንቴል ከተማ በሆነችው ኖቲንግሃም፣ ዶብሰንስ ኤንድ ኤም ብራውን የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1946 ሠራው። መታሰቢያነቱ እ.ኤ.አ. በ1940 ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በብሪታንያ ሰማይ ላይ ለተደረገው የአየር ውጊያ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማዋ የዳንቴል ማሽኖች አጎበርና የጦር መሸፈኛ መረብ ወደመሥራት ዞረው ነበር። ሥዕሉን ያወጣው ሃሪ ክሮስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ሥዕሉን ማሽኑ ወደሚያነበው መመሪያ መለወጥ ደግሞ ሌላ 15 ወር ያህል። ያ መመሪያ ጃካርድ የሚባለው ቀዳዳ ያለው ካርቶን ሲሆን፣ ለዚህ አንድ ሥራ 40,000 ያህል ካርቶን ተበሳ። አንዱን ዳንቴል ሠርቶ ለመጨረስ ማሽኑ አንድ ሳምንት ይፈጅበት ነበር። ሲበቃ ካርቶኖቹ ተወገዱ፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ «እንደገና የተመረተ» የሚባል የለም። እርስዎን የሚጠቅምዎት ይሄ ነው፤ ወይ ከ38ቱ አንዱ ነው፣ ወይ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው።

አሁን ሜትር ያውጡ። ወለሉ ላይ ንጹሕ አንሶላ ያንጥፉና ሁለት ሆናችሁ ዳንቴሉን ሳትጎትቱ ዘርጉት። ርዝመቱን በሦስት ቦታ ይለኩ፦ በግራ ዳር፣ በመሐል፣ በቀኝ ዳር። ተሰቅሎ የኖረ ዳንቴል በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ሦስቱ ልክ እኩል ላይመጣ ይችላል፤ አይደንግጡ። የሚፈለገው 15 ጫማ በ65 ኢንች ነው፤ በእኛ መለኪያ ቁመቱ 4 ሜትር ከ57፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር። ታጥቦ ከሆነ ጥጥ ትንሽ ይገባልና 4 ሜትር ከ40 እንኳ ቢሆን ተስፋ አይቁረጡ። 2 ሜትር ተኩል ሆኖ ከተገኘ ግን ወይ ተራ የመስኮት መጋረጃ ነው፣ ወይ የተቆረጠ ነው። የትኛው እንደሆነ ዳሩ ይነግርዎታል። የፋብሪካ ዳር ከሥራው ጋር አብሮ የወጣ፣ ድርድሩ ያልተቋረጠ ነው። የተቆረጠ ዳር ላይ ግን ሥዕሉ በመሐሉ ይቀራል፤ ክንፍ ያለ አውሮፕላን፣ አናት ያለ ግንብ፤ ከዚያም በእጅ ወይም በሲንጀር ተቀምቅሟል።

ከልኩ ቀጥሎ ሥዕሉ ነው። ነጭ ዳንቴል ነጭ አንሶላ ላይ ምንም አያሳይም። ከሥሩ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ይግባበት፤ ያኔ ጉም መስሎ የነበረው ሁሉ ሥዕል ይሆናል። በዋናው ላይ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በእሳትና በጭስ ተከቦ ይታያል፤ በቦምብ የፈረሱ ሕንፃዎች፣ የሁለቱም ወገን የጦር አውሮፕላኖች፣ አብረው የተዋጉ አገሮች የአየር ኃይል ምልክቶች አሉ። ግርጌው ላይ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1940 ለፓርላማ የተናገረው ቃል አጥሮ ተጽፏል፤ ይህን ያህል ብዙ ሕዝብ ለጥቂቶች ይህን ያህል ባለዕዳ ሆኖ አያውቅም የሚለው ነው። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ገልብጡት። ጉልላት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ጉልላት ያለው የመጋረጃ ዳንቴል ሞልቷል።

ሦስተኛው አሠራሩ ነው፤ ለዚህ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። የሰዓት ሠሪ መነጽር ቢዋሱ ጥሩ ነው። የኖቲንግሃም የመጋረጃ ዳንቴል ላይ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው የሚወርዱ ድሮች ይታያሉ፤ ቀጫጭን ክሮች እየተጠመጠሙባቸው ትንንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይሠራሉ፤ ሥዕሉ የሚወጣው አንዳንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ነው። ስለዚህ ክብ የሚመስለው ጉልላት በቅርብ ሲታይ ደረጃ ደረጃ ነው። ሠንሰለት የመሰለ፣ እርስ በርሱ የተቆላለፈ ዓይን ካዩ የኪሮሽ ሥራ ነው፤ ማለት የእጅ ዳንቴል። በየማዕዘኑ ቋጠሮ ካለ በእጅ የተቋጠረ መረብ ነው። ከላይ ወደ ታች እንደ ሹራብ ጥልፍልፍ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ደግሞ ቅርብ ጊዜ የተሠራ የፖሊስተር መጋረጃ ነው። ካጠራጠረዎት ከተቆረጠው ዳር ራሱ የወለቀ አንድ ሴንቲ ሜትር ክር ካለ ብቻ በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ለዚህ ብላችሁ ክር እንዳትመዙ።

የመኮንኑን ታሪክ በተመለከተ ግን ቀኑ አይገጥምም። የእንግሊዝ ወገን ጦር ሐረር የገባው መጋቢት 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ የናይጄሪያ ወታደሮች ነበሩ። ድሬዳዋ የገቡት ደግሞ ደቡብ አፍሪካውያን ሲሆኑ ቀኑ መጋቢት 20 ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ማርች 1941 መሆኑ ነው። ዳንቴሉ መሠራት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1942 ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ የገባ ወታደር ሊይዘው አይችልም። እንግሊዞች ጅጅጋንና ኦጋዴንን እስከ 1948 እ.ኤ.አ. ይዘው ስለቆዩ በኋላ የመጣ ሰው ያምጣው ቢባል ቀኑ ይገጥማል፤ ግን ወረቀት ይጠይቃል። የተሰጣቸው ወገኖችም ይታወቃሉ፦ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ፣ ቸርችል፣ የአየር ኃይል ክፍሎች፣ እንደ ለንደንና ኖቲንግሃም ያሉ ከተሞች፣ እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ያሉ አገሮች። ለአንድ ተራ መኮንን በግል ተሰጠ የሚል ግን አናውቅም።

የእኛ ግምት? ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1902 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንድ፣ የአረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች በጅቡቲ በኩል ያስገቡ ከነበረው የመጋረጃ ዳንቴል አንዱ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አውሮፕላኖቹና ጽሑፉ ግን ችላ የሚባሉ አይደሉም። ልኩ ከገጠመ፣ ፎቶዎቹን (ሙሉውን፣ አራቱን ማዕዘን፣ ጽሑፉን፣ ዳሩን ከሜትር ጋር) ይዘው ለንደን ላለው የሮያል አየር ኃይል ሙዚየም ይጻፉ። እነርሱ ጋ ያለው ፊት ለፊት ተነጻጽሮ ባንድ ቀን የሚለይ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። 38ቱ ዳንቴሎች ዛሬ የት የት እንዳሉ ተማሪዎቼ ከሐረር ሆነው በደብዳቤና በኢንተርኔት ቢያፈላልጉ ጥሩ የክበብ ሥራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከየት ይጀምሩ?
*ከሐረር*

መልስ፦ ከመዝገቡ ይጀምሩ፣ ከፍለጋው አይደለም። ትልቅ ደብተር ላይ 38 መስመር ያስምሩና ለእያንዳንዱ አምስት ዓምድ ይስጡት፦ መጀመሪያ ለማን ተሰጠ፣ መቼ፣ አሁን ማን ጋ ነው፣ የሙዚየሙ መዝገብ ቁጥር፣ እንዴት ተረጋገጠ። አምስተኛው ዓምድ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ይፈቀድ፦ «ታይቷል»፣ «ፎቶ»፣ «ወሬ»። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚያበላሹት ይህን ነው፤ ወሬውንም ፎቶውንም አንድ ላይ ይደምሩና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ 45 ዳንቴል «ያገኛሉ»።

ቁጥሩ የሚያብጠው ዳንቴሎቹ ስለተንቀሳቀሱ ነው። አንድ የአየር ኃይል ሰፈር ሲዘጋ ግድግዳው ላይ የነበረው ወደ ሙዚየም ይሄዳል፤ የድሮው ጽሑፍ ሰፈሩ ውስጥ አለ ይላል፣ አዲሱ ሙዚየም ውስጥ። ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቋም የሚጻፈው ደብዳቤ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይያዝ፦ የመዝገብ ቁጥሩ ስንት ነው? ከማን፣ በየትኛው ዓመት ተቀበላችሁት? ከዚያ በፊት የት ነበር? ረጅም ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

እርግጡን ለመያዝ አራት ቦታ ይበቃል፦ የለንደኑ የሮያል አየር ኃይል ሙዚየም፣ የተዋጊ አውሮፕላኖቹ እዝ የነበረበት ቤንትሊ ፕራዮሪ፣ ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ፣ እና ክራይስትቸርች ያለው የኒውዚላንድ አየር ኃይል ሙዚየም። ከእነዚህ የሚመጣው ልክና ፎቶ ሌላውን መመዘኛ ይሆናል።

ቀጥሎ የቃል ችግር አለ። አንዱ መዝገብ «መጋረጃ» ይለዋል፣ ሌላው «የግድግዳ ጌጥ»፣ ሌላው «ሰንደቅ»፣ «የጠረጴዛ ልብስ» ያለውም አይጠፋም። የፋብሪካውን ስም፣ የከተማውን ስምና የውጊያውን ስም እያፈራረቁ መፈለግ ያስፈልጋል። ዕቃው ራሱ በመዝገቡ ስሙ ካልተገኘ በልኩ ይፈለግ፤ 15 ጫማ የሆነ ዳንቴል ብዙ የለም። የጨረታ ቤቶች የድሮ ዝርዝርም ይታይ፤ ግን የተሸጠበትን ቀን እንጂ ዛሬ ማን ጋ እንዳለ አይነግርም፤ «ወሬ» ተብሎ ይመዝገብ።

ሌላው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ተማሪ «1942» ሲያይ ሳያስበው በእኛ ያስበዋል፣ ወይም ሰባትና ስምንት ቀንሶ ይጽፈዋል። ደብተሩ ከመጀመሪያው ገጽ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ይሂድ፤ ከዚህ አገር ነገር ጋር የሚነጻጸረው ብቻ በሁለቱም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኩት የጥጥ ዳንቴል በጣም ወይቧል። በረኪና ትንሽ ጠብ ባደርግበትስ? የድሬዳዋ ፀሐይ ራሷ አታነጣውም?
*ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ*

መልስ፦ ታነጣዋለች፤ ግን ክሩን እየበላች ነው። በረኪናም እንዲሁ። ክሎሪን የጥጡን ክር ከውስጥ ይሰባብረዋል። ዛሬ በረዶ መስሎ ይወጣና በሚቀጥለው ዓመት ሲያነሡት እጅዎ ላይ ይረግፋል። የስፒል ዝገት ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀዳዳውን ያፋጥነዋል። ሎሚና ጨውም ለዝገት ይባላል፤ ሎሚው አሲድ ነው፣ ይተዉት። እንዶድ ለአዲስ ሸማ ያምራል፤ ለአሮጌ ዳንቴል ግን ቅንጣቱ ቀዳዳው ውስጥ ስለሚቀር አንመክርም።

መጀመሪያ ይፈትሹት። ከዳሩ አንድ ክር ሳይመዙ በሁለት ጣት ቀስ ብለው ያጥፉት። ከተሰበረ ወይም ብናኝ ከተወ እንዳይታጠብ። ከቻለ በሚከተለው መንገድ ይሂዱ።

የናይለን አጎበር ቁራጭ ይዘርጉና ዳንቴሉን በላዩ እንደ አኮርዲዮን አጥፈው ያስቀምጡ። ከዚህ በኋላ የሚያነሡት አጎበሩን እንጂ ዳንቴሉን አይደለም፤ የረጠበ ጥጥ ከራሱ ክብደት በላይ ውሃ ይሸከማል፣ በአንድ ጫፍ ከተነሣ በመሐል ይበጠሳል። ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ ሳሙና፣ 30 ደቂቃ ይዘፍዝፉ። ውሃው የሻይ መልክ ይዞ ይወጣል፤ ይቀይሩት። ሻዩ እስኪጠራ አራትም አምስትም ጊዜ ይሂድ። ብዙውን ጊዜ ውይበቱ በዚህ ብቻ ግማሹ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው ቸኩሎ ወደ ሳሙና የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በ10 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀለምና ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና፣ 15 ደቂቃ። በስፖንጅ ከላይ ጫን ጫን ይበሉት፤ አይሹት፣ አይጠምዝዙት። ዱቄት ሳሙና አይግባ፤ ማንጫ ይጨመርበታል፣ በደንብም አይለቀለቅም።

ማለቅለቁ ላይ የድሬዳዋ ውሃ ራሱ ጠላት ነው። ጀበናችሁና ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ዳንቴሉም ላይ ይቀራል፤ ሳሙናውንም ይዞ ግራጫና ድርቅ ያለ ያደርገዋል። አምስት ጊዜ በቧንቧ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ የመጨረሻውን በተጣራ ውሃ ያድርጉት። የመኪና ባትሪ የሚሞላበት ውሃ ይሆናል፤ ግን ሲገዙ አሲድ ያልገባበት መሆኑን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ። ሁለቱም «የባትሪ ውሃ» እየተባሉ ይሸጣሉ፤ አሲድ የገባበት ዳንቴሉንም እጅዎንም ያቃጥላል። ካልተማመኑ የዝናብ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ያጠራቅሙ፤ ከቆርቆሮ ጣራ የወረደ አይሁን፣ ዝገት አለው።

ገመድ ላይ አይሰጣም። ጥላ ውስጥ፣ ንጹሕ ፎጣ ላይ ጠፍጠፍ አድርገው በመዳፍዎ ማዕዘኑን ያስተካክሉት፤ ዳር ዳሩን ብርጭቆ ይጫኑት። በደንብ ከተስተካከለ ካውያ አያስፈልገውም።

ለማስቀመጥ የጨርቅ ሱቅ የሚጥለውን ወፍራም የካርቶን ቱቦ ይለምኑ፤ ውፍረቱ ከ8 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ከዳንቴሉ ወርድ በሁለቱም በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ካርቶኑ አሲድ ስላለው መጀመሪያ በአሉሚኒየም ወረቀት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ ስታርቹ በወጣ አቡጀዲ ይሸፍኑት። ዳንቴሉን ከአቡጀዲ ጋር አብረው ይጠቅልሉ። በፌስታል አይታሸግ፤ ያልባል፣ ይሻግታል። ስታርች የተቀባ ጥጥ ትንንሽ የብር ዓሣ የመሰሉትን ነፍሳት ስለሚጠራ ስታርች አድርጎ ማስቀመጥም አይበጅም። ናፍታሊን የሱፍና የሐር ብልን እንጂ ምስጥን አያቆምም፤ ስለዚህ ቱቦው ከወለል ከፍ ይበል። ዕጣንና ቡና ጭስ የሚበዛበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ተገልጦ አይሰቀል፤ በዓመት ውስጥ የሚወይበው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር አለኝ። አንዱ በኪሮሽ የተሠራ ዳንቴል ነው፣ አንበሳና «1933» የሚል ቁጥር አለው። ሌላው የታተመ የሐር መሀረብ ሲሆን የሮማውያን ቁጥር አሥራ አራት ተጽፎበታል። ሁለቱም የጦርነቱ ጊዜ ናቸው? አንበሳውን ልቅዳውስ?
*ከጁገል፣ ሐረር*

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ ወገን ናቸው። 1933 በእኛ ከሆነ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የገቡበት ዓመት ነው፤ አንበሳው ይህን ግምት ያጠናክረዋል። የሮማውያኑ አሥራ አራት ግን የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 እ.ኤ.አ. ያለውን ዓመት ያመለክታል፤ ሐረር በጣሊያን ጦር የተያዘችው በዚያው ዓመት ነው። መሀረቡ የድል ማስታወሻ ሆኖ የታተመ የወራሪው ዕቃ ነው። ደስ ባይልም ታሪክ ነውና ይቀመጥ፤ ሐር ስለሆነ ግን በተጣጠፈበት መስመር ይሰነጠቃልና ታጥፎ ሳይሆን ተጠቅልሎ።

ለመቅዳት ዳንቴሉን ጥቁር ጨርቅ ላይ አድርገው ቀጥ ከላይ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ባለ አራት ማዕዘን ደብተር ላይ አንዱን የተደፈነ ዓይን በአንድ ጥቁር ካሬ ይተኩ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር ይቁጠሩ፤ በየአሥሩ ረድፍ ቀይ መስመር ያስምሩ። አንበሳው ብዙውን ጊዜ የሚጣመመው እግሩ ጋ አንድ ካሬ ሲዘለል ነው። ከመጀመርዎ በፊት 20 በ20 ካሬ ናሙና ይሥሩ። አሮጌው ላይ ያው 20 ካሬ 8 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የእርስዎ 9 ከመጣ፣ ኪሮሹን በአንድ ቁጥር ያሳንሱ፤ ክሩን መሳብ መፍትሔ አይደለም፣ ዳሩን ያኮማትረዋል። አዲሱ ላይ የሠሩበትን ዓመት ያስገቡ፤ ልጆችዎ ከአሮጌው ጋር እንዳያምታቱት።

ጥያቄ፦ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለ ልብስ ሰፊ የተቀደደውን የድሮ ዳንቴላችንን በማሽን ሊገጥምልን ተስማማን። አንድ ነጋዴ ደግሞ ለውጭ አገር ሰው እንሽጠው ይላል። ምን ትላላችሁ?
*ከሐረር*

መልስ፦ በማሽን አይገጠም። የማሽኑ መርፌ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ እየበሳ ያልተቀደደውንም ይቆርጠዋል። ከሥሩ የታጠበ ስስ ነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ በቀጭን የጥጥ ክር፣ በእጅ፣ ሰፋፊ ስፌት ያዙት፤ ክሩ ሲፈለግ የሚወጣ ይሁን።

ሽያጩን በተመለከተ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ነጋዴው አይደለም። መጀመሪያ ለክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያሳዩት፤ እዚያው ጁገል፣ በራስ ተፈሪ የቀድሞ መኖሪያ ውስጥ ላለው ሸሪፍ ሙዚየምም ቢያሳዩት የድሮ የሐረር ጨርቅ የሚያውቅ ዓይን ያየዋል። ነጋዴው «ፎቶ ሳታነሡ ስጡኝ» ካለ፣ አይስጡት።